ድምፅ የሌለው ገበያ

አባቴ በመሐል ሜዳ የበግ ተራ ደላላ ነበሩ። በገበያ ቀን ማለዳ ከቤት ሲወጡ የሚይዙት በትራቸውንና አፋቸውን ብቻ ነበር፤ ይህን ያለችው እናቴ ናት። በጉን የሚያመጣው ሌላ፣ ብሩን የሚያወጣው ሌላ፤ አባቴ በመካከላቸው ቆመው ይናገራሉ። የሻጩን በግ ለገዥው ያወድሳሉ፣ የገዥውን ችግር ለሻጩ ያስረዳሉ፣ ሁለቱም ሲደክማቸው ያስማሟቸዋል። ገዥው የበጉን ገመድ በእጁ ከጨበጠ በኋላ ነገር አበቃ። በጉ መንገድ ላይ ቢያነክስ፣ ሻጩም የተሻለ የሚከፍል ሰው ቢያገኝ፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ቃል የለም። አባቴ «ገመድ ተይዟል» ይላሉ፤ ሰውም እያጉረመረመ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ሰው ዝምታን አይወድም። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ሰው ሲገጥማቸው «አይነቅዝም፤ ግን አይሸጥም» ይሉት ነበር። ከተረት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ነው። እናቴ ዙሪያዋን አየት አድርጋ፣ «እሱስ ተናገሩም አልተናገሩም ቀርቷል» ትላቸዋለች። ጊዜው የደርግ ነበርና እንዲህ ያለው ቀልድ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነገራል።

የምጽፈው ስለ አንድ የገበያ ቀንና ከዚያ ስለ ተከተለው እሑድ ነው። ያኔ ለትዳር የምጠየቅ ልጅ ነበርሁ። በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሲከፈት ከእናቴ ጋር አብረን ገብተን ፊደል ቆጠርን። እናቴ ስሟን መጻፍ ስትችል «በቃኝ» ብላ ተወች። እኔን አልበቃኝም። የማነበው ሳጣ የሳሙና መጠቅለያና በገበሬ ማኅበሩ በር ላይ የተለጠፈውን መፈክር አነብ ነበር፤ መፈክሩ ላይ ሁለት የፊደል ግድፈት እንዳለ ለአስተማሪው ብነግረው «ይኼን ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ» አለኝ። ይኸው አስተማሪ አንድ ቀን መሐል ሜዳ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዞኝ ሄደ። ርእሰ መምህሩ አንድ ገጽ አስነበቡኝና «አራተኛ ክፍል ትገባለች» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው፣ «ምዝገባው ሳይዘጋ አባትሽ ራሳቸው መጥተው ያስመዝግቡሽ» አሉኝ። የአራተኛ ክፍል ልጆች ከትከሻዬ በታች ነበሩ። እሱ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ የአባቴ ነገር ነው።

ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ከጓሳ በኩል ሽማግሌ ተልኮብን ነበር። የልጁ ቤተሰብ በግ የሞላው ነው። አባቴ የልጁን አባት በገበያ ያውቁታል፣ በጎቹንም ያውቃሉ፤ «ሰዎቹ ደህና ናቸው» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን ተናግረው፣ «ለቁርጡ በሚመጣው እሑድ እንመለሳለን» ብለው ሄደዋል። የምዝገባው መዝጊያ ደግሞ ከዚያ እሑድ ማግስት ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ስጠይቃቸው አባቴ «እናያለን» ይሉኛል። እናቴ ስለ ሽማግሌዎቹ ስትጠይቃቸውም «እናያለን» ይሏታል። ሥራቸውን ለሚያውቅ ሰው ይኼ ዋጋ ማቆየት ነው። እኔ በመካከላቸው እንደሚሸጠው በግ ቆሜያለሁ።

እሑዱ ሳይደርስ ገበያ ሆነ። እናቴ አንድ ባና ይዛ ወጣች። ባና እኛ አገር ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ጠጉሩን የፈተለችው እሷ ነበረችና ዋጋውን ማንም እንዲያወርድባት አትፈቅድም፤ አባቴንም ጭምር። እኔና ታናሽ እህቴ ተከትለናት ወጣን። ባናው ሳይሸጥ ቀትር ሆነ። በዚህ መሐል አንድ የቀበሌ ሰው በገበያው መካከል እየዞረ መጮኽ ጀመረ።

«ፊልም አለ፤ በቀበሌው አዳራሽ ፊልም አለ። ስለ ገበያ የሚያሳይ፣ ከነቤተሰብ የሚታይ። መግቢያ የለውም።»

«መግቢያ ከሌለው በምን በኩል ልንገባ ነው?» አለች እናቴ።

«በነጻ ነው ማለቱ ነው» አልኋት።

«እንደሱ ብሎ አይናገርም?»

ከቤተሰባችን ፊልም አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር። ትራክተር የሚያሳይ ነው ሲባል አባቴ «ትራክተሩ የኛን ገደል ካየ በኋላ ይምጣና ያናግረኝ» ብለው ሳይገቡ ቀሩ። አሁን ግን ከበግ ተራው ወደኛ መጡ።

«ስለ ገበያ ነው የሚለው?» አሉ።

«እንደሱ ይላል» አለች እናቴ።

«የማን ገበያ ነው?»

«የወዳጅ አገር ነው አሉ» አልሁ። ያኔ ወዳጅ አገር ሲባል የትኛው እንደሆነ አይጠየቅም፤ ብርድ ያለበትና ፋብሪካ የሞላው አገር ነው።

«በግ አለበት?»

«ምን አውቄ አባባ፤ ገብተን እንየው እንጂ።»

አባቴ የገቡት እንደ ባለሙያ ነው። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት።

አዳራሹ በር ላይ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ቆሞ ባና የያዘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ «አበድሩን» ይላል። ለካ ፊልም ጨለማ ይፈልጋል፤ ቀን ነበርና መስኮቶቹን መሸፈኛ ጠፍቶ ነው። እናቴ ባናዋን ሰጥታ፣ የተሰቀለበትን መስኮት በዓይኗ ተከትላ፣ ከሥሩ ሄዳ ተቀመጠች። «ከዚህ አልነቃነቅም» አለች። ስለዚህ እኛም እሷ ባለችበት፣ ከሁሉ ኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥን። ከመስኮቱ ውጭ መብራት የሚሰጠው ሞተር ይንደቀደቃል። ፊት ለፊት፣ በርቀት፣ አቡጀዲ ጨርቅ ተወጥሯል። እናቴ ጨርቁን በዓይኗ ለካችው። «ይኼ ሁሉ አቡጀዲ ለማየት ብቻ ነው?» አለች።

ፊልሙን ይዞ የመጣው ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ነው። ከመኪናው ያወረደውን ሳጥን ከፍቶ ሽቦ ነቀለ፣ ሽቦ ተከለ፣ ሳጥኑን በጥፊ መታው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ እጁን እያወዛወዘ ብዙ ተናገረ። ገበያው እንዳለ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ነበርና፣ ሞተሩም አለና፣ ከተናገረው ውስጥ እኛ ዘንድ የደረሰው መጨረሻው ብቻ ነው።

«ድምፅ የለም። ዛሬ ድምፅ የለም።»

የአብዮት ጥበቃው ወዲያው ተቀበለው። «ድምፅ የለም ተብሏል። አንተ፣ አልሰማህም? ድምፅ የለም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ቅዳሴ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ጸጥታ አላስታውስም፤ ቅዳሴ ላይ ቢያንስ ሕፃን ያለቅሳል። በጨለማው ውስጥ የበግ ጠጉርና የቅቤ ሽታ ብቻ ቀረ። በእናቴ ባና ላይ አንድ ብል የበላው ቀዳዳ ነበረ። በዚያች የገባች ብርሃን የአባቴ ጉልበት ላይ አረፈች።

ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ቤተሰብ ነው፤ አባት፣ እናት፣ አንዲት ልጅና አንድ ትንሽ ወንድም። ውጭው በረዶ ነው። ልጅቱ የለበሰችው ካፖርት እጅጌው አጥሯል፤ እናትየዋ እጅጌውን ጎተት ጎተት አድርጋ አሳየች፣ አባትየው ራሱን አከከ። ይኼን ያህሉ ለሁሉም ሰው ገብቶታል። ከዚያ ተነሥተው በሐዲድ በሚሄድ መኪና ወደ ገበያ ሄዱ። ገበያው ቤት ነው፤ ፎቅ በፎቅ የሆነ ቤት። ሰዎቹ ከቆሙበት ሳይንቀሳቀሱ ወደ ላይ ሲወጡ እህቴ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «ደረጃው ራሱ ነው የሚሄደው» አለች። «ዝም በይ» አልኋት።

በመደርደሪያው ላይ ዕቃው ተደርድሮ ተደርድሮ ማለቂያ የለውም። የኛ የኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲመጣ በወረፋ የሚያድል፣ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ባዶ መደርደሪያውን የሚጠብቅ ነበርና፣ ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ሲያቃስቱ ሰማሁ። አባትየው አንድ የታሸገ የምግብ ቆርቆሮ አንሥቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በሽቦ ቅርጫት ውስጥ ጨመረው። ሌላም ጨመረ። ከአዳራሹ መካከል አንድ ሰው ቀስ ብሎ «ሌባ ነው» አለ። የአብዮት ጥበቃው «ድምፅ የለም» አለው።

ካፖርቱ ጋ ደረሱ። እናትየዋ አንድ ጥቁር ካፖርት አውርዳ ልጅቱ ላይ ለካች። ከአንገቱ ላይ የተንጠለጠለች ወረቀት ነበረች፤ እሷን ገለበጠቻት፣ አየቻት። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። እናትየዋ ካፖርቱን መለሰች። ሌላ አወረደች፣ ወረቀቱን አየች፣ ራሷ መለሰችው። በመጨረሻ ልጅቱ አንድ ሌላ ካፖርት ይዛ መጣች፤ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበርና ቀለሙን አላውቅም፤ ደመቅ ያለ ይመስላል። እናትየዋ ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ ሄደው አንዲት ሴት ፊት ቆሙ። ሴትየዋ ወረቀቱን አየች፣ ብሩን ተቀበለች፣ መልሱን ቆጥራ ሰጠች። አለቀ። ተሽጧል። ከነበርንበት ሩቅ አፋቸው አልፎ አልፎ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከማንም የወጣ ቃል አልተሰማም።

ጨለማው ሲገፈፍ እናቴ መጀመሪያ ባናዋን አወረደች፣ በብርሃን ዘርግታ መረመረች። አባቴ ከተቀመጡበት አልተነሡም ነበር። ዓይናቸው አቡጀዲው ላይ ነው።

«አለቀ እኮ» አለቻቸው።

«እሱማ አለቀ» አሉ።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ሜዳው ላይ ረጅም ነው፤ ነፋሱም በፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ያልተሸጠውን ባና እኔና እህቴ ተከናንበን ወላጆቻችንን ተከተልን። በሌላ ጊዜ አባቴ ከገበያ ሲመለሱ የዋሉበትን ሁሉ፣ የሻጩን ድምፅ በሻጩ፣ የገዥውን በገዥው እያስመሰሉ ያወሩልናል። በዚያ ቀን ግን ገደሉን እስክንሻገር አልተናገሩም። ከዚያ ቆም አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያቺ ሴትዮ የምታገላብጣት ወረቀት ምንድር ናት?»

«ዋጋው የተጻፈባት ናት አባባ።»

«ያው ነው የሚከፈለው?»

«ያው ነው።»

«ጭማሪም ቅናሽም የለውም?»

«የለውም። ቁርጥ ዋጋ ነው።»

ትንሽ ሄዱ። «ማንበብ የማትችል ብትሆንስ?»

«እንግዲያ ምኑን አውቃ ትገዛለች።»

«ትጠይቃለቻ።»

«ማንን ትጠይቃለች?» አለች እናቴ። «ሲነጋገሩ ሰምተዋል? ያ ሁሉ ሰው፣ አንድም 'ስንት ነው' የሚል የለም። አንቱማ እዚያ ቢገቡ ቆርቆሮውን ሲያወድሱ ይመሽብዎት ነበር።»

እህቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቁም።

«ካድሬው የሚለው እውነት ነዋ» አሉ። ያኔ ካድሬዎቹ በስብሰባ ሁሉ፣ ነገ በጉም ገብሱም በማኅበር ይሸጣል፣ በመካከል ገብቶ የሚናገር ሰው ይቀራል ይሉ ነበር። አባቴ ይህን እንደ ዝናብ ወሬ ነበር የሚሰሙት፤ ሊመጣም ላይመጣም እንደሚችል። አሁን በዓይናቸው አዩት። ፎቅ ያለው፣ ደረጃው የሚሄድ፣ ደላላ የሌለበት ገበያ። «እኔ እዚያ አገር ብሄድ ዲዳ ነኝ በሉኛ» አሉ።

«አገሩን ይተዉት» አለች እናቴ። «እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ልጅቱ ራሷን ስትነቀንቅ አይተዋል? እናትየዋ አልተቆጣችም። መለሰችው እኮ። የሚለብሰው ሰው ይምረጥ ብላ ነው።»

«ካፖርት ነው እሱ።»

«ካፖርት ነዋ። ካፖርትስ ካረጀ ይጣላል።»

ስለ እኔ እየተናገረች እንደሆነ ሦስታችንም አውቀናል። እህቴ ብቻ ስለ ደረጃው ታስባለች። አባቴ «እናያለን» እንኳ አላሉም። ይኼኛው ዝምታ ከለመድሁት «እናያለን» ይሻል ወይም ይብስ እንደሆነ ሳላውቅ ቤት ደረስን።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ጠላ ተቀዳላቸው፣ ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ ተጠያየቁ። እኔና እናቴ ከመጋረጃው በስተጀርባ ጓዳ ውስጥ ነን። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ።

«እንግዲህ በቀጠሮአችን ለቁርጡ መጥተናል።»

«ደግ አደረጋችሁ» አሉ አባቴ። «ልጄ ትማራለች።»

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

ሽማግሌው ይኼን እንደ መነሻ ዋጋ ቆጠሩት። እኔም በመጀመሪያ የቆጠርሁት እንደዚያው ነው። ሰውየው የአባቴን ሥራ ያውቃሉ፤ የመጀመሪያው ቃል ለመሻር እንደሚነገር ያውቃሉ። «መማሩስ መልካም ነው» አሉ። «ተድራ አትማርም? ልጁም ቢሆን አይከለክላት።»

አባቴ ዝም አሉ።

«ወይስ ዘንድሮን እንተወው? ለከርሞ ቢሆን ሰዎቹን እኛ እናሳምናለን።»

ዝም።

«ስለ ጥሎሹ ከሆነ፣» አሉ ሁለተኛው፣ «የልጁ አባት እጁ እንደማያጥር ከኛ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።»

ዝም። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን በፊልሙ ላይ ብሩን እንደተቀበለችው ሴት አድርገው ተቀምጠዋል። ቁጣም የለበትም፣ ፈገግታም የለበትም። ከየት እንዳመጡት ወዲያው አወቅሁ። እናቴም አውቃ ኖሮ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

«ኧረ ምን ሆነሃል?» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። «አሞሃል እንዴ? በበግ ተራ አንደበትህ የማይደክም ሰው፣ ዛሬ በልጅህ ጉዳይ አፍህ ተያዘ?»

«ደህና ነኝ አባቴ።»

«ታዲያ ተናገራ።»

«ተናግሬአለሁ። ዋጋው ቁርጥ ነው። ተጽፏል።»

«የት ነው የተጻፈው?» ብለው ሦስተኛው ሽማግሌ ግድግዳውን ዞር ብለው አዩ።

ሰዎቹ ተራ በተራ ሞከሩ፤ ስለ ዝምድና፣ ስለ እኔ ዕድሜ፣ ተምራ ቆማ ስለቀረች ሴት። የሚከራከር ሰው ተከራካሪ ካጣ ቃሉ እያጠረ ይመጣል። ጠላው አለቀ። ታላቁ ሽማግሌ በትራቸውን አንሥተው፣ «እንግዲህ ዝም አይነቅዝም ብለሃላ» አሉና ተነሡ። አባቴ እስከ በሩ ሸኟቸው፤ ተሳስመው ተለያዩ።

ሲመለሱ እናቴ ከጓዳ ወጣች። «ዝም አይሸጥም ይሉ አልነበር?»

«አልሸጥሁማ» አሉ አባቴ።

በማግስቱ ማለዳ መሐል ሜዳ ይዘውኝ ወረዱ። ርእሰ መምህሩ ስሜን መዝግበው አባቴን በአውራ ጣታቸው አስፈረሟቸው። አባቴ ጣታቸው ላይ የቀረውን ቀለም በሱሪያቸው ጠረጉና፣ «ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁ። ርእሰ መምህሩ ሲነግሯቸው አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር። ይቀነስ ሊሉ እንደሆነ ገባኝ። መልሰው ገጠሙት።

ተማርሁ። በሰው ቤት ተጠግቼ፣ ወንበሩ እያጠረኝ፣ አንዳንዱን ክፍል እየዘለልሁ ጨረስሁና ደብረ ብርሃን ወርጄ ለመምህርነት ሠለጠንሁ። ደርግም ወደ መጨረሻው ደርሶ ነበር። እዚያ አንድ ቅዳሜ ፊልም ይታያል ተባልን። ወዳጅ አገር የተማረ አንድ መምህራችን ከጎን ቆሞ ንግግሩን እየተረጎመ ያስረዳናል። መብራቱ ጠፋ፤ እጅጌው ያጠረ ካፖርት የለበሰች ልጅ መጣች።

ያው ነበር። ያው በረዶ፣ ያው ፎቅ፣ ያው የሚሄድ ደረጃ። ልዩነቱ ድምፅ ነበረው። በሩ ሲከፈት ሙዚቃ ነው። ከኮርኒሱ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ የዕቃ ስም ይጠራል። አባትየው ቆርቆሮ ባነሣ ቁጥር ሚስቱ ከኋላው ትናገረዋለች። ልጅቱ ራሷን ስትነቀንቅ፣ እኔ ለዓመታት ጨዋ እምቢታ አድርጌ የያዝሁት፣ እየጮኸች ኖሯል። እናትየዋም ካፖርቱን የመለሰችው «እንደ አባትሽ ግትር ነሽ» እያለች ነው፤ መምህሩ እንደዚያ ብሎ ነው የተረጎመው። ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ሲደርሱ ደግሞ እናትየዋ «ባለፈው ሳምንት ረክሶ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ተሳስታችሁ ነው» ብላ ያዘቻት። ገንዘብ ተቀባይዋ መለሰችላት። ከኋላ የተሰለፉት ገቡበት። የመሐል ሜዳ በግ ተራ ከዚያ ቤት ይልቅ ጸጥ ያለ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። ልነግራት ሞከርሁ፤ ለማስረዳት ያስቸግራል። ፊልሙን ወደ መሐል ሜዳ ያመጣው ወጣት በዚያን ቀን አግዳሚው ላይ ቆሞ የነገረን የድምፁ ሳጥን እንደ ተበላሸ ነው፤ ይቅርታ እየጠየቀን ነበር። «ድምፅ የለም» አለ። በኛ አማርኛ ግን «ወሬ የለም»፣ «መውጣት የለም»፣ «ሳቅ የለም» ሲባል ትእዛዝ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ጠመንጃ ያነገተ ሰው የደገመው ነገር ትእዛዝ እንጂ ይቅርታ ሊሆን አይችልም። አዳራሹ ሙሉ ሕዝብ ታዝዞ ዝም አለ፤ በአቡጀዲው ላይ ያሉትም እንደኛው የታዘዙ መሰለን። መፈክር ላይ ግድፈት የምለቅም እኔም ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ተሳስቻለሁ።

ለዕረፍት ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኋቸው። ካድሬዎቹ ያሉት አልመጣም ነበር፤ አባቴ እንደ ድሮው በጉ መካከል ቆመው ይውላሉ፣ ድምፃቸው ብቻ ትንሽ ሻክሯል። እስክጨርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ሴትየዋ ስትከራከር ነበር በይኛ።»

«ከገባችበት እስከ ወጣችበት።»

«ቀነሱላት?»

«አልቀነሱላትም።»

«አላወቀችበትማ» አሉ። «ባለፈው ሳምንት ረክሶ ነበር ተብሎ ይጀመራል? ያኔ ለምን አልገዛሽም ይሉሻል እኮ።»

እናቴ ጠጉር ከምትፈትልበት ቀና አለች። «እንግዲህ ያን ቀን ያ ሳጥን ባይበላሽ ኖሮ፣ አንቱ ሽማግሌዎቹን ሲከራከሩ ይውሉና ልጄን ይድሯት ነበር በሉኛ።»

አባቴ አሰቡበት። ለመካድ አልቸኮሉም፤ እውነት እንደ ሸቀጥ የሚገላበጥ ይመስል ግራ ቀኙን አዩት። እኔም መልሳቸውን ጠበቅሁ። ጓሳ አካባቢ ያ ልጅ ሌላ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ደህና እየኖረ እንደሆነ እንሰማ ነበር።

«እሱን እኔም አላውቀው» አሉ በመጨረሻ። «ገመድ ተይዟል።» ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብለው፣ «ካፖርቱስ ስንት ነበር?»

«ምን?»

«ካፖርቱ ነዋ። ወረቀቷን ባለፈው ያየሻት በሩቁ ነው፤ አሁን ከቅርብ አይተሻታል። ስንት ይላል?»

«አላነበብሁትም አባባ። በቁጥር አይደለም፤ በነሱ ፊደል ነው የተጻፈው።»

አባቴ እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እንግዲያ ገና ነሻ» አሉ።